መኪናው ነዳጅ ጠጣብኝ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ አሽከርካሪ ችግርና መፍትሄ

«ድሮ አንዴ ፉል ካስሞላሁ ሳምንቱን ያደርሰኝ ነበር። አሁን ሐሙስ ላይ መብራቱ ይበራል።» እንዲህ ያለኝ ደሴ እያደረ ኮምቦልቻ የሚሠራ ጎረቤቴ ነው። ካንዴላ ቀይሯል። የአየር ፊልትሮ ቀይሯል። ኢንጀክተሩን አሳጥቧል። ብሩ ወጣ፤ ለውጥ ግን የለም። እኔ ጎንበስ ብዬ ያየሁለት ጎማውን ነው። አራቱም ንፋስ ጎድሏቸዋል።

ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ምልክቱን ሳናነብ እቃ እንገዛለን። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ አሁን በእጃችን ያለው መኪና ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግለን ነው። ነዳጅ ለማግኘት የምንቆመውን ሰልፍም ታውቁታላችሁ። እናም ከምልክቱ እንነሳ።

«ከኮምቦልቻ ስመለስ በጣም ይጠጣል»

አብሽሩ፣ ይሄ ብቻውን የመኪናው ችግር አይደለም። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ። መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በዚያች አጭር መንገድ መኪናችሁን ከነሰዉ 650 ሜትር ወደ ላይ ታነሱታላችሁ።

ሒሳቡን እንሥራው። ከነተሳፋሪው 1,200 ኪሎ የሚመዝን ትንሽ መኪና ይህን ያህል ለመውጣት 7.6 ሜጋ ጁል ጉልበት ይፈልጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ 32 ሜጋ ጁል ገደማ አለ። ሞተር ግን ከዚህ ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ነው። የቀረው በሙቀትና በጭስ ይወጣል። ስለዚህ ሽቅቡ ብቻውን አንድ ሊትር የሚጠጋ ነዳጅ ይጨምራል። በሜዳ በሊትር 14 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሐረጎ፣ ማለትም በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው ዳገት፣ ሲወጣ 9 ቢሆን አይግረማችሁ። ሲወርድ ደግሞ ከ20 በላይ ሊሄድ ይችላል።

እንግዲህ ሽቅቡን ለይቶ መለካት ያሳስታል። ቁልቁሉን ብቻ ለክቶ መኩራራትም እንዲሁ ነው። ትክክለኛው አለካክ ይሄ ነው። አንድ ማደያ ፉል አስሞሉ፤ ቀጂው ቧንቧው ራሱ ሲቆርጥ ያቁም። ኪሎ ሜትሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። እንደ ልማዳችሁ ንዱ። ቀጥሎ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ፓምፕ ተመልሳችሁ ፉል አስሞሉ። የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር አሁን ለገባው ሊትር አካፍሉት። ሊትሩን ከረሳችሁ በቴሌብር የከፈላችሁትን ብር ለዕለቱ የሊትር ዋጋ አካፍላችሁ ታገኙታላችሁ። አንድ ጊዜ አይበቃም። ሦስት ጊዜ ለኩና አማካዩን ያዙ። ይህ ቁጥር በእጃችሁ ከሌለ መካኒኩ ያስተካከለው ነገር መሥራት አለመሥራቱን በምንም አታውቁም።

አወጣጡም ለውጥ አለው። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ተርቦ (ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር አየር ሲያንሰው ጉልበቱም ይቀንሳል። ስለዚህ በትልቅ ማርሽ እያቃሰተ እንዲወጣ አታስጨንቁት። ማርሹን ቀድማችሁ ቀንሱ፤ ሞተሩ ሳይጮህና ሳይንቀጠቀጥ በአንድ ፍጥነት ይውጣ። ነዳጅ የሚያባክነው እየረገጡና እየለቀቁ መውጣት ነው።

«ስወርድ ዜሮ ማርሽ ላይ እለቃለሁ፣ ግን የቆጠብኩት ነገር የለም»

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ። ጉዳዩ ከነዳጅ አልፎ የሰው ሕይወት ነው።

በኢንጀክተር የሚሠራ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ ስታነሱ የሞተሩ ኮምፒውተር ነዳጁን ፈጽሞ ይዘጋዋል። ሞተሩን የሚያዞረው ቁልቁለቱ ነው። ዜሮ ማርሽ ላይ ስትለቁት ግን ሞተሩ ከጎማው ይለያያል። እንዳይጠፋ ደግሞ እንደ ቆመ መኪና ነዳጅ ማቃጠል አለበት። በሌላ አነጋገር በሐረጎ ቁልቁለት ቁጠባ ያለው ማርሽ ውስጥ ነው፤ ብዙ ሰው ግን በተቃራኒው ያምናል።

ፍሬኑስ? በዜሮ ማርሽ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። ፍሬን ሲግል የፍሬን ዘይቱ ሊፈላ ይችላል። ያኔ ፔዳሉ እስከ ታች ይወርዳል፤ መኪናው አይቆምም። እባካችሁ ይህን ልማድ ተዉት።

መፍትሄው ቀላል ነው። ለመውጣት የምትጠቀሙበትን ማርሽ ለመውረድም ተጠቀሙበት። አውቶማቲክ ከሆነ ከ«ዲ» ወደ «ኤስ»፣ ወደ «ቢ»፣ ወደ «2» ወይም ወደ «ኤል» አውርዱት፤ መኪናችሁ ላይ የትኛው እንዳለ እዩ። ፍሬኑን አለፍ አለፍ እያላችሁ ረገጥ አድርጋችሁ ልቀቁት እንጂ እግራችሁን ጭናችሁበት አትውረዱ። ካርቡራተር ያላቸው የድሮ መኪኖች አብዛኞቹ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ አይዘጉም። እነሱም ቢሆኑ ከማርሽ መውጣት የለባቸውም።

«የሙቀት መርፌው መሃል አይደርስም፤ ነዳጅ ግን ይበላል»

ይህን በራሴ መኪና አይቼዋለሁ። ቶዮታ ቪትዜ በሊትር 14 ይሄድ የነበረው 12 ላይ ወረደ። ስድስት ወር ሙሉ ጎማ፣ ካንዴላና ፊልትሮ ስመረምር ቆየሁ። በመጨረሻ አንድ ቀን ማለዳ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ የሙቀት መርፌውን አየሁት። ከደሴ ስነሳ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ቁልቁለቱን ስጨርስ ወደ ታች፣ ወደ ብርዱ ተጠግቶ አገኘሁት። ደህና መኪና እንዲህ አያደርግም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት መኪናዬ ሽቅብ ላይ ይግል ነበር። የወሰድኩበት ጋራዥ ቴርሞስታቱን አውልቆ ጣለው። «አሁን አይግልም» ተባልኩ፤ እውነትም አልጋለም። ግን የዚያን ዕለት የሙቀት ችግሬ በነዳጅ ችግር ተተካ።

ቴርሞስታት ማለት የሞተሩ ውሃ እስኪሞቅ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን መንገድ ዘግቶ የሚቆይ በር ነው። በብዙ የጃፓን መኪኖች 80 ዲግሪ ካለፈ በኋላ መከፈት ይጀምራል። ከሌለ ወይም ተከፍቶ ከቀረ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እንደሆነ ያነባል፤ ስለዚህ ነዳጅ ይጨምራል። ዘይቱም ወፍራም እንደሆነ ይቆያል። በደሴ ብርድ፣ ከቤት ፒያሳ፣ ከፒያሳ ትምህርት ቤት እያሉ አጭር አጭር ለሚነዱ ደግሞ ይብሳል። ሞተሩ ሳይሞቅ ቀኑ ያልቃል።

ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ጋለ? የኔ ጥፋተኛ የራዲያተሩ ክዳን ነበር። ደሴ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በ92 አካባቢ ነው። ራዲያተር ውስጥ እንዲህ ቶሎ የማይፈላው ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዝ ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግፊቱ ያመልጣል፤ ሐረጎ ላይ ውሃው ይንተከተካል። የመጋሉም፣ የቴርሞስታቱ መውለቅም፣ የነዳጁም ችግር መነሻ አንድ ትንሽ ክዳን ነች።

መፍትሄው ይህ ነው። ለመኪናችሁ ሞዴል ልክ የሆነ አዲስ ቴርሞስታት አስገጥሙ። ክዳኑን ላዩ ላይ የተጻፈው ግፊት ተመሳሳይ በሆነ ክዳን ቀይሩ። የቧንቧ ውሃ ብቻ ሳይሆን ኩላንት ጨምሩበት። የጋለ ራዲያተር ክዳን በፍጹም እንዳትከፍቱ፤ የፈላ ውሃ ፊት ያቃጥላል። መካኒኩ «ቴርሞስታት ለኛ አገር አያስፈልግም» ካላችሁ አትስሙት። ደሴ እንዲያውም ይበልጥ ያስፈልጋታል።

ማለዳ መኪና አስነስቶ አሥር ደቂቃ ማሞቅም አያስፈልግም። ጥቂት ሰከንድ ጠብቃችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች በዝግታ ንዱ። ቶሎ የሚሞቀው እየሄደ ነው።

«መኪናው ከበደኝ፤ ስለቀው አይንሸራተትም»

ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ፣ መኪና በማይበዛበት ሰዓት እና ቦታ ሞክሩት። በዝግታ እየነዳችሁ ነዳጁን ልቀቁና ፍሪሲዮን ርገጡ። ቶሎ ቆመ? እንግዲያው የሚይዘው ነገር አለ።

መጀመሪያ ጎማ። የሚያስፈልገው ልክ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት አለ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ እሱን እንዳትሞሉ። ልኬቱ ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው። የኛ አገር ወጥመድ ይህ ነው፦ ከሰዓት በኋላ በኮምቦልቻ ሙቀት፣ የጋለ ጎማ ጎሚስታ ጋ ይለካና «ሙሉ ነው» ይባላል። ያ ጎማ ደሴ ሲያድር ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በወረደ ቁጥር ከ1 እስከ 2 ፒ ኤስ አይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ) ይጎድላል። ደሴ ከፍ ማለቷ መለኪያው ላይ 1 ገደማ ይጨምራል፤ ብርዱ ግን ይበልጣል። ጎረቤቴን የጎዳው ይኸው ነው። ጎማ ለስላሳ ሲሆን እየተጨፈለቀ ይዞራል፤ ያ ሁሉ ጉልበት ከነዳጅ የሚመጣ ነው። የራሳችሁ ትንሽ መለኪያ ይኑራችሁ። በየሁለት ሳምንቱ ማለዳ እዩት።

ጎማው ደህና ከሆነ ፍሬን ነው። ጥቂት ከነዳችሁ በኋላ ቁሙና መዳፋችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ፤ አትንኩት፣ ሊያቃጥል ይችላል። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚግል ከሆነ የዚያ ጎማ ፍሬን አልለቀቀም። ሜዳ ላይ ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ አስይዛችሁ በክሪክ አንሱትና በእጃችሁ አዙሩት። የተጣበቀ ካሊፐር፣ የእጅ ፍሬን ገመድ ወይም ያለቀ ኩሽኔታ ይሆናል። ይህን መካኒክ ይሥራው። አላይመንትም እዩ፤ ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ ካለቀ እሱ ነው።

«ጥቁር ጭስ አለው፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል»

ነዳጁ ከአየሩ በልጧል። አንድ ካንዴላ አስፈትታችሁ እዩ። ጫፉ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ጥላሸት ደረቅ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል። በዘይት የረጠበ ከሆነ ግን ጉዳዩ የሞተሩ ውስጥ ነው፤ ያ ሌላ ወሬ ነው።

ካርቡራተር ላለው መኪና ከፍታው ራሱ ምክንያት ነው። ታች ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር ደሴ ሲመጣ አየሩ ይሳሳበትና ነዳጁ ይበዛል። የምትውሉበትና የምታድሩበት ደሴ ከሆነ ደሴ ላይ አስተካክሉት። ኢንጀክተር ያለው ራሱን ያስተካክላል፤ ግን ጭሱን የሚለካው የኦክስጅን ሴንሰር ደህና ሲሆን ነው። የቼክ ኢንጂን መብራት ከበራ መጀመሪያ በኮምፒውተር አስነብቡ፣ ከዚያ ግዙ። የናፍታ ፒክአፕ ከሆነ ሽቅብ ላይ ጥቁር ጭስ ሲተፋ የአየር ፊልትሮውን፣ ከዚያ ኖዝሉን፣ ከዚያ ጭነቱን ጠይቁ።

«ሞተሩ ይጮሃል፤ መኪናው ግን አይሄድም»

በማንዋል መኪና ይህ የፍሪሲዮን ማለቅ ነው። ሽቅብ ላይ ነዳጅ ስትሰጡ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ፍጥነቱ አይጨምርም። ልማዱም ያመጣዋል። በከተማችን ሽቅቦች ላይ ተሰልፎ ሲቆም መኪናውን በፍሪሲዮን አንጠልጥሎ መያዝ የብዙ ሰው ልምድ ነው። ያ ነዳጅም ፍሪሲዮንም ይበላል። የእጅ ፍሬን ያዙ።

ትንንሾቹ

ባዶ ፖርቶ መጋላ አውርዱ፤ ንፋስ ይይዛል። የኋላ ኮፈን ውስጥ የከረመ እቃም አውጡ። ትርፍ ነዳጅ በጀሪካን ይዞ መዞር ክብደትም አደጋም ነው። መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠውንማ አትቅዱ፤ ምን እንደተቀላቀለበት አታውቁም። ታንከር ውስጥ ስለሚገቡ ክኒኖችና ቱቦ ላይ ስለሚታሰሩ ማግኔቶች የሚወራውን እኔ አላምንበትም። በዚያ ብር ጎማችሁን አስሞሉ።

«ሁሉንም አየሁ፤ ቁጥሩ ግን አልተስተካከለም»

መለኪያው ራሱ ሊያሳስት ይችላል። ከመጀመሪያው ጎማ በቁመት የሚበልጥ ጎማ ካስገባችሁ ዳሽቦርዱ ኪሎ ሜትሩን አሳንሶ ይቆጥራል። መኪናው በርግጥ 100 ኪሎ ሜትር ሄዶ 95 ይልላችኋል። ያኔ ነዳጅ የበላ ይመስላል። በስልካችሁ ካርታ ከቤታችሁ እስከ ሥራ ቦታችሁ ያለውን ርቀት አውጡና ከዳሽቦርዱ ጋር አስተያዩት። ጎረቤቴም ይህን አደረገ፤ የሱ ትክክል ነበር። ንፋሱን ከሞላ በኋላ ሦስት ፉል ለካ። አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ድረስ ይደርሳል።