ያረጀች ማዝዳ ሚያታን እቤት መጠገን፦ ከጎማው፣ ከፕላስቲኩና ከውሃው ጀምሩ

ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ አሜሪካ ውስጥ ሚያታ የምትባለው ባለሁለት ወንበር መኪና፣ በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው። ብድግ ብለው የሚከፈቱ የፊት መብራቶች ያሏት የመጀመሪያዋ ትውልድ እስከ 1997 ተሠርታለች (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ ባለ 1.6 ሊትር፣ ከ1994 ሞዴል ወዲህ ደግሞ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር ነበራት። ሁለቱም ሞተሮች ጠንካሮች ናቸው። ዛሬ መኪናዋን መንገድ ላይ የሚያስቀራት ሞተሩን የከበበው ጎማና ፕላስቲክ ነው። ቦዲዋን የሚበላው ደግሞ መውጫ ያጣ ውሃ ነው። ስለዚህ ቸርኬና ጭስ ማውጫ ለመቀየር ያሰባችሁትን ገንዘብ ቀድሞ እዚህ ላይ አውሉት።

መኪናዋን ስታነሱ ክሪኩን ከፊት በመሐለኛው አግዳሚ ብረት፣ ከኋላ በዲፈረንሻሉ ስር አስገቡ። ማቆሚያዎቹን በጎን ባሉት የተጠናከሩ ቦታዎች ላይ አድርጉ። ክሪክ ብቻ ተማምናችሁ ከስር አትግቡ።

ራዲያተሩ

ኮፈኑን ከፍታችሁ የራዲያተሩን የላይኛውን የፕላስቲክ ክፍል ተመልከቱ። አዲስ ሲሆን ጥቁር ነው። ወደ ቡናማ ወይም ወደ አረንጓዴነት ካደላ ፕላስቲኩ ደርቋል፤ አንድ ቀን ሲሞቅ ፕላስቲክና አሉሚኒየሙ በሚገናኙበት መስመር ይሰነጠቃል። ቀለሙን ያጣ ራዲያተር ገና አላፈሰሰም ብሎ መተው አያዋጣም። ሞተሩ ያለ ውሃ ትንሽ ከሄደ የሲሊንደር ራሱ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ክፍል) ይጣመማል፤ የሲሊንደር ራስ ጥገና ደግሞ ከአዲስ ራዲያተር በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ነው። ከስር ያለውን መከለያ አውጡ፣ ሰፊ ገበታ አስቀምጡ፣ የራዲያተሩን የታች ማፍሰሻ በእጅ ብቻ አዙሩ፤ እሱም ፕላስቲክ ስለሆነ በፒንሳ ከያዛችሁት ይሰበራል። የላይና የታች ቱቦዎችን፣ ወደ ካቢን ማሞቂያው የሚሄዱትን ሁለቱን፣ ቴርሞስታቱንና የራዲያተሩን ክዳን በአንድ ጊዜ ቀይሩ። ከሞተሩ ኋላ ያሉት የማሞቂያ ቱቦዎች እጅ ስለማያስገቡ ብዙ ሰው ይዘላቸዋል፤ መንገድ ላይ የሚፈነዱትም እነሱ ናቸው። የድሮ ቱቦ ከተጣበቀ አትጎትቱት። በርዝመቱ በቢላ ሰንጥቃችሁ ላጡት፤ ጎትታችሁ የራዲያተሩን አፍ ከሰበራችሁ ሌላ ወጪ ነው።

ቴርሞስታቱ በ12 ቁልፍ ይፈታል። በዳሩ ላይ ያለችው ትንሽ የምትንቀጠቀጥ ፒን ወደ ላይ ትሁን፤ አየር የሚያመልጠው በእሷ በኩል ነው። ጋርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) የሚያርፍበትን ገጽ በፕላስቲክ መፋቂያ አጽዱ። ቤቱ አሉሚኒየም ስለሆነ ከ20 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) በላይ አታጥብቁ።

መላው ሥርዓት 6 ሊትር ገደማ ይይዛል። ግማሽ በግማሽ ኩላንትና የተጣራ ውሃ ቀላቅሉ፤ የቧንቧ ውሃ ኖራ ይተዋል። የመኪናዋን አፍንጫ ከፍ አድርጋችሁ፣ የካቢኑን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ፣ በቀስታ ሙሉ። ክዳኑን ሳትዘጉ ሞተሩን አስነሱ፤ ቴርሞስታቱ ከ88 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ጀምሮ ሲከፈት የውሃው ከፍታ ድንገት ይወርዳል፤ ጨምሩ። አረፋው ሲያቆምና ማሞቂያው ትኩስ አየር ሲሰጥ ዝጉት። ማሞቂያው ቀዝቃዛ ከነፈሰ ውስጡ አየር ቀርቷል ማለት ነው፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ድገሙት።

ዘይት ከሞተሩ ኋላ ሲንጠባጠብ

ካምቢዮ ከሞተር ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ዘይት ያየ ሰው ወዲያው የክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የኋላ ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚያግደው ጎማ) ሄዷል ይላል፤ ያንን ለመቀየር ካምቢዮ ማውረድ ግድ ነው። ከዚያ በፊት በሲሊንደር ራሱ ኋላ የተሰካውን የካም (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) አንግል ሴንሰር እዩ። ውስጡ ያለችው ትንሽ ክብ ጎማ ደርቃ እንደ ፕላስቲክ ትሆናለች፤ ዘይቱ በሞተሩ ጀርባ ወርዶ የማሞቂያውን ቱቦም እያበሰበሰ ይሄዳል። ሴንሰሩን ከመፍታታችሁ በፊት በሹል ነገር ሴንሰሩንና የሲሊንደር ራሱን የሚያቋርጥ መስመር ጫሩ፤ ሴንሰሩን ማዞር የእሳቱን ሰዓት (ሻማው የሚለኩስበትን ቅጽበት) ይለውጣልና። የ12ቱን ቡሎን ፈትታችሁ እያወዛወዛችሁ አውጡ፣ የድሮዋን ጎማ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ አዲሷን ዘይት ቀብታችሁ መልሱ። ከዚያ በምርመራ ሳጥኑ ውስጥ ቲኢኤን እና ጂኤንዲ የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝታችሁ፣ በታይሚንግ መብራት 10 ዲግሪ መሆኑን አረጋግጡ። የሴንሰሩ ጎማ ከተቀየረ በኋላ ሞተሩን አጥባችሁ ሁለት ሳምንት ንዱት። አሁንም ካፈሰሰ የቫልቭ ክዳኑን ጋርኒሲዮን ፈትሹ፤ ፓራኦሊዮው የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው።

ፍሪሲዮን

አንደኛና የኋላ ማርሽ እየተፋጨ የሚገባ ከሆነ፣ ወይም ጠዋት ፔዳሉ ወለል ድረስ ከወረደ፣ ፍሪሲዮን ዲስኩን ከመጠርጠር በፊት ካምቢዮው ጎን ያለውን የታችኛውን ፖምፓ እዩ። የጎማ ሽፋኑን ጠርዝ በጣት ገለጥ አድርጉ፤ ጥቁር ፈሳሽ ጠብ ካለ ፖምፓው አልቋል። በሁለት ባለ 12 ቡሎን ነው የተያዘው። የላይኛውንም፣ በፔዳሉ በኩል ያለውን፣ አብራችሁ ቀይሩ፦ አዲሱ የታችኛው ግፊቱን ሲመልስ ያረጀው የላይኛው ብዙም ሳይቆይ መልቀቅ ይጀምራል። ዶት 3 ወይም ዶት 4 የፍሬን ፈሳሽ ሙሉና አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ እንደያዘ የታችኛውን ፖምፓ ማስተንፈሻ በ8 ቁልፍ ከፍታችሁ አየሩን አስወጡ፤ ፔዳሉ ከመለቀቁ በፊት ዝጉ። የፈሳሹ ጠርሙስ ትንሽ ስለሆነ በየአራት አምስት እርግጫው ካልሞላችሁት አየር ይስብና ሥራው ከዜሮ ይጀምራል። ፈሳሹ ቀለም ይልጣል፤ የነካውን ቦታ ወዲያው በውሃ አጥቡ።

የኋላ ፍሬን

ብዙ ካሊፐር (ፓዶቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ያለ ጥፋቱ የሚጣለው እዚህ ነው። የእጅ ፍሬኑ ከኋላ ካሊፐር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ፒስተኑን እንደ ፊተኛው በፕሬስ መግፋት አይቻልም፤ ከገፋችሁት የውስጡን ጥርስ ትሰብራላችሁ።

የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ፣ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፉ። ከካሊፐሩ ጀርባ ባለ 14 ቁልፍ መክደኛ ቡሎን አለ፤ እሱን አውጡ። ከቀዳዳው ውስጥ ባለ 4 ሚሊሜትር ብሩጎላ (ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ) የሚገባበት ማስተካከያ ታገኛላችሁ። ወደ ግራ ስታዞሩት ፒስተኑ ይገባል፤ አሮጌውን ፓድ አውጥታችሁ አዲሱን አስገቡ። መንሸራተቻ ፒኖቹን አውጥታችሁ በደንብ ጥረጉና በሲሊኮን የፍሬን ግሪስ ቀቡ፤ ተራ ግሪስ ጎማውን ያሳብጠዋል። የደረቀ ፒን አንዱን ፓድ ጨርሶ ሌላውን እንዳለ ይተወዋል፤ ፓዶቹ እኩል ካልተበሉ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ከገጠማችሁ በኋላ ማስተካከያውን ወደ ቀኝ አዙሩ፣ ዲስኩ በእጅ አልዞር እስኪል። ከዚያ አንድ ሦስተኛ ዙር መልሱ። ዲስኩ በነፃ ሲዞር መክደኛውን ዝጉ። የእጅ ፍሬን ገመዱን የምታጠብቁት ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። ልቅ የሆነን የእጅ ፍሬን በገመዱ ለማስተካከል የሚሞክር ሰው የካሊፐሩን ክንድ ከመነሻው አንቀሳቅሶ የውስጡን ራስ-አስተካካይ ያሰናክለዋል። ዲስኩ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ውፍረት አንብቡ፣ በካሊበር (የውፍረት መለኪያ) ለኩ፤ ከዚያ በታች ከሆነ ቀይሩ። የጎማ ዳዶዎቹን በመስቀል ተራ 100 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። የፍሬን ፈሳሽ በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል።

የጣሪያው ውሃ መውረጃ

የጨርቅ ጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ ከወንበሮቹ ኋላ በግራና በቀኝ፣ የመቀመጫ ቀበቶው ግንብ አጠገብ ባሉ ሁለት ቱቦዎች ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ለፊት ይወጣል። ቅጠልና አቧራ ሲደፍናቸው ውሃው ምንጣፍ ስርና ከበሩ በታች ባለው የቦዲ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ዝገቱ ከውጭ ሲታይ ከውስጥ ጨርሷል። በዓመት ሁለት ጊዜ ለስላሳ የፕላስቲክ ገመድ በቀስታ እያሻሻችሁ አስገቡ። ጠንካራ ሽቦ ቱቦውን ይበሳል፣ የኮምፕሬሰር አየር ደግሞ ከቦታው ያስለቅቀዋል። ከዚያ አንድ ሊትር ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፤ ወዲያው ከስር መፍሰስ አለበት። በክረምት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንባቸው እንደ ቨርጂኒያና ጀርመን ባሉ ቦታዎች የምትነዱ የስሩንም አጥቡ።

የኋላ መስኮቱ ፕላስቲክ ከሆነ ጣሪያውን ከማጠፋችሁ በፊት ዚፑን ፍቱ፤ በብርድ ጊዜ ጭራሽ አታጥፉት፣ ይሰነጠቃል። ባትሪው ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ስለሆነ ያልታሸገ የአሲድ ባትሪ አታስገቡ፤ ጋዙ ብረቱን ይበላል። የታሸገ ኤጂኤም ባትሪ ግዙና የመተንፈሻ ቱቦዎቹን መልሳችሁ ሰኩ።

የታይሚንግ ቺንጊያና ዘይቶች

ክራንኩንና ካሞቹን የሚያያይዘው ቺንጊያ በየ60,000 ማይል፣ ማለት በየ96,000 ኪሎሜትር ይቀየራል። ቢበጠስ በእነዚህ ሞተሮች ፒስተንና ቫልቭ አይጋጩም፤ ግን ባለችበት ትቆማለች። የውሃ ፖምፓው ከቺንጊያው ኋላ ስለሆነ አብሮ ይለወጥ። ስትገጥሙ ሁለቱ የካም ጥርሶች ላይ ባሉት ምልክቶች መካከል 19 የቺንጊያ ጥርስ ቁጠሩ፤ ከዚያ ክራንኩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙራችሁ ምልክቶቹ ዳግም መግጠማቸውን እዩ።

የ1990 እና የ1991 መጀመሪያ መኪና ካላችሁ የክራንኩን ፑሊ (ቺንጊያ የሚዞርበትን መዘውር) ተመልከቱ። አራት ቀዳዳ ያለው አጭር አፍንጫ ክራንክ ነው፤ ቡሎኑ ከላላ ፑሊውን ከክራንኩ ጋር የሚያቆልፈው የቁልፍ ማስገቢያ ይበላና ፑሊው መወዛወዝ ይጀምራል። የዚህ ቡሎን ጥብቀት ከ108 እስከ 118 ኒውተን ሜትር ነው። ስምንት ቀዳዳ ያለው ረጅሙ ግን ከ157 እስከ 167 ይፈልጋል። ሁለቱን ማምታታት ክራንክ ያስጥላል፤ ቡሎኑንም በአዲስ ተኩ።

ካምቢዮው 2 ሊትር 75ደብሊው-90 ጂኤል-4 የማርሽ ዘይት ይወስዳል። ዲፈረንሻሉ በ1.6ቱ 0.65፣ በ1.8ቱ 1 ሊትር ጂኤል-5 ነው። ከማፍሰሳችሁ በፊት የመሙያው ቡሎን መፈታቱን አረጋግጡ፤ አፍስሳችሁ መሙያው እምቢ ካለ መኪናዋ እዚያው ትቀራለች።