ስክሪን ሪከርድ ስታደርጉ ጂፉ ለምን ቀጥ ይላል?

ድምፁ ተቀርጿል፣ ማውሱም ይንቀሳቀሳል። ጂፉ ግን እንደ ፎቶ ቀጥ ብሏል። ሴቲንግ መነካካት ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ፦ የቆመው ቪዲዮው ላይ ብቻ ነው ወይስ ስክሪኑም ላይ? ሰው ቶሎ የሚወቅሰው ሪከርደሩን ነው። ሪከርደሩ ግን ብዙ ጊዜ ያየውን ነው የቀረጸው።

ስክሪኑም ላይ ቆሟል

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ድግግሞሹ ነው። ጂፍ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ፋይሉ ውስጥ ተጽፏል። አንዴ ብቻ ዞሮ የሚቆም አለ። አይፎን ሪከርድ ከመጀመሩ በፊት 3፣ 2፣ 1 ብሎ ይቆጥራል፤ እሱን ስትጠብቁ ጂፉ ጨርሶ የመጨረሻው ፍሬም (ጂፉ ከተሠራባቸው ምስሎች አንዱ) ላይ ቁጭ ብሏል። መፍትሄው ቀላል ነው፦ ሪከርዱ ከጀመረ በኋላ ገጹን ሪፍሬሽ አድርጉት። ጂፉ የራሳችሁ ከሆነ ደግሞ ጊምፕ በሚባለው የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም ኤክስፖርት ስታደርጉ «አዝ አኒሜሽን» እና «ሉፕ ፎሬቨር» የሚሉት ላይ ምልክት አድርጉ። የመጀመሪያውን ከረሳችሁት የሚወጣው ተራ ምስል ነው።

ጠዋት ሲሠራ የነበረው ማታ ቴሌግራም ላይ እምቢ ካለ ባትሪያችሁን እዩ። ቻርጁ ሲወርድ የቴሌግራም ፓወር ሴቪንግ ራሱ በርቶ ጂፎችን ሊያቆም ይችላል። ቻርጀር ሰኩ፣ ወይም ከሴቲንጉ አጥፉት። አይፎን ላይ ከአይኦኤስ 17 ጀምሮ አክሰሰቢሊቲ፣ ሞሽን ውስጥ «ኦቶ ፕሌይ አኒሜትድ ኢሜጅስ» የሚል አለ፤ እሱ መብራት አለበት።

ፓወርፖይንት ከሆነ ስላይድ ሾው ውስጥ ገብታችሁ ቅረጹ።

ስክሪኑ ላይ ይሄዳል፣ ቪዲዮው ላይ ቆሟል

ይሄ ኦቢኤስ በሚባለው የስክሪን መቅረጫ ፕሮግራም ዊንዶው ካፕቸር (አንድ መስኮት ብቻ የሚቀርጸው ሶርስ) ላይ የተለመደ ነው። ብሮውዘሩ ምስሉን በግራፊክስ ካርዱ ስለሚሠራው የድሮው የመቅረጫ ዘዴ አያገኘውም፤ ወይ ጥቁር ይሆናል ወይ ስታክ ያደርጋል። የሶርሱን ፕሮፐርቲስ ክፈቱና ካፕቸር ሜተዱን «ዊንዶውስ 10» ወደሚለው ቀይሩ። እምቢ ካለ ብቻ የብሮውዘሩን ሃርድዌር አክስለሬሽን አጥፍታችሁ እንደገና ክፈቱት። መስኮቱን ሚኒማይዝ ማድረግም አይቻልም፤ በሌላ መስኮት ሙሉ በሙሉ አትሸፍኑትም፤ አንዳንድ ብሮውዘር ሲሸፈን ምስሉን ማደስ ያቆማል።

ይሄዳል ግን ይንተባተባል

ጂፍ ጊዜውን የሚቆጥረው በሰከንድ መቶኛ ነው። በፍሬም መሀል 2 ከተባለ በሰከንድ 50 ፍሬም ይሆናል። ሪከርደራችሁ በሰከንድ 15 ብቻ የሚቀርጽ ከሆነ አብዛኛው ይዘለላል። ለተራው 30፣ ለፈጣኑ 60 አድርጉት። ጂፉ ስክሪኑም ላይ ከተጎተተ ግን የፍሬሙን ጊዜ እዩ። 0 ወይም 1 ከሆነ ብሮውዘሮች ራሳቸው ወደ 10 ቀይረው ያዘገዩታል። 2 ስታደርጉት ይፈጥናል።

እኔ ቢሆን ጂፉ ለማሳመሪያ ብቻ ከሆነ ከስክሪን ላይ አልቀርጸውም። ፋይሉን ኦቢኤስ ላይ እንደ ኢሜጅ ሶርስ ባስገባው ይሻለኛል።