ፊውዝ አታግዝፉ፦ በመኪና ወንበር ማሞቂያ ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ጥቅምት ገብቶ እንጅባራና ደብረ ማርቆስ ላይ ጧት ጧት ውርጩ ሲጀምር፣ ዓመቱን ሙሉ ማንም ያልነካው የወንበር ማሞቂያ ቁልፍ ይታወሳል። አልሞቅ ያለበት ሰው ደግሞ ቀጥታ ወደ ጋራዥ ይመጣል። ከሚመጡት ወንበሮች ብዙዎቹ ግን በራሳቸው ያረጁ አይደሉም፤ በአጠቃቀም ወይም በጥገና ስም የተበላሹ ናቸው።

ፊውዝ ማግዘፍ

ከሁሉ የከፋውን ላስቀድም። ማሞቂያው ፊውዝ ያቃጥላል። ሰማያዊው ባለ 15 አምፔር ይቃጠላል፣ ሌላ ይገባል፣ እሱም ይቃጠላል። ከዚያ አንዱ «አንሶት ነው» ብሎ አረንጓዴውን ባለ 30 ይሰካበታል። የሲጋራ ብር ወረቀት የሚጠቀልልበት፣ ከገመድ ላይ የመዳብ ክር ልጦ የሚያስርበትም አለ። ወንበሩ ይሞቃል፤ ባለመኪናው አመስግኖ ይሄዳል። ይህ ጥገና አይደለም፣ ቤተሰብ በሚቀመጥበት ወንበር ሥር እሳት ማዳፈን ነው።

ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ፋብሪካው 15 አምፔር ሲያስገባ ገመዱንም የዘረጋው ለዚያው ልክ ነው። አንድ ወንበር፣ መቀመጫውና መደገፊያው ተደምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ዋት ይወስዳል፤ በ12 ቮልት ሲሰላ ከ4 እስከ 8 አምፔር ግድም ማለት ነው። ስለዚህ ጤነኛ ማሞቂያ ባለ 15 ፊውዝ አያቃጥልም። ካቃጠለ፣ አንድ ቦታ ላይ ሽቦ ከሽቦ ወይም ከወንበሩ ብረት ጋር ተነካክቷል። አሁን ባለ 30 ይግባበትና በተነካካው ቦታ 28 አምፔር ይለፍ፤ ፊውዙ ምንም አይልም። ከረንት እጥፍ ሲሆን ሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ያ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው ስፖንጁ ውስጥ ነው፤ የወንበር ስፖንጅ ደግሞ ከተያያዘ በኋላ ጢሱ ራሱ የሚመርዝ ነገር ነው። «ወንድሜ፣ ቸኩያለሁ፣ 30 ክተትና ልሂድ» ለሚል ደንበኛ መልሱ አንድ ነው፦ ፊውዙን አውጥቶ ማሞቂያ በሌለበት መሸኘት። ብርድ ጋቢ ይከለክለዋል።

ፊውዝ የሚያቃጥል ወንበር መላው ይህ ነው። መጀመሪያ ወንበሩን ወደፊትና ወደኋላ እየገፋችሁ ከሥሩ ያለውን ገመድ በባትሪ መብራት እዩ። ፊውዙ የሚቃጠለው ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ከሆነ ገመዱ ሐዲዱ ውስጥ ገብቶ ተጨፍልቋል፤ ይህ እጅግ የተለመደ ነው፣ መድኃኒቱም የተላጠውን አስተካክሎ መሸፈንና ከሐዲዱ አርቆ ማሰር ብቻ ነው። ገመዱ ደህና ከሆነ፣ ቀጥሎ ስለ ቢጫው ሶኬት እንደተጻፈው ባትሪውን ፈትታችሁ የማሞቂያውን ሶኬት ብቻ ንቀሉ፤ ከዚያ ባትሪውን መልሳችሁ ትክክለኛውን ፊውዝ አስገቡና አብሩት። አሁንም ከተቃጠለ ችግሩ ከሶኬቱ ወዲህ፣ ገመዱ ላይ ነው። ከዳነ ችግሩ ወንበሩ ውስጥ ነው። በሁለት ፊውዝ ወጪ ያለቀ ምርመራ ነው።

ቢጫውን ሶኬት መንካት

ከወንበሩ ሥር ቢጫ ሶኬት ካያችሁ የኤርባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋው ከረጢት) ነው። ማንኛውንም የወንበር ሶኬት ከመንቀላችሁ በፊት የሞተሩን ቁልፍ አጥፉ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ኤርባጉ ኃይል የሚያጠራቅም ክፍል ስላለው ባትሪው ተፈትቶም ለጥቂት ጊዜ ሊፈነዳ ይችላል። ወንበሩ ወጥቶ ሳለ ቁልፍ አትክፈቱ፤ ከከፈታችሁ የኤርባጉ መብራት ይበራና በኮምፒውተር ካልሆነ አይጠፋም። ቢጫው ሶኬት ላይ የኦም መለኪያ ማሳረፍ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ብርቱካናማ ገመድ ካያችሁ፣ የከፍተኛ ቮልቴጅ ነውና፣ እጃችሁን መልሱ፤ የወንበር ማሞቂያው ሥራ እዚያ የለም።

ሳይለኩ መፍታት

ወንበሩ አልሞቀም ሲባል ብዙ ጀማሪ ቶሎ ብሎ የወንበሩን ልብስ ይገፍፋል። ልጆች፣ ልብሱን የያዙት የብረት ቀለበቶች አንዴ ከተቆረጡ ጨርቁ እንደ ድሮው አይወጠርም፤ ስለዚህ ልብስ መግፈፍ የመጨረሻው ሥራ ይሁን።

ሞተሩ መነሳቱን አረጋግጡ፤ ብዙ መኪና ሞተር ሳይነሳ ማሞቂያውን አያበራም፣ ባትሪ ሲደክምም ራሱ ይቆርጠዋል። የተወሰነ ደቂቃ ሠርቶ ራሱ ዝቅ የሚል ወይም የሚጠፋ ወንበርም አለ፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን አሠራሩ ነው። ከዚያ የማሞቂያውን ቁልፍ መብራት ተመልከቱ። በርቶ ወዲያው ከጠፋ፣ በኮምፒውተር በሚታዘዙ መኪኖች ዘንድ ብዙ ጊዜ መልእክቱ «ማሞቂያው ተቆርጧል ወይም ተነካክቷል» ነው። በርቶ ቆይቶ ወንበሩ ግን ካልሞቀ ወደ ሶኬቱ ውረዱ።

ሶኬቱ ላይ 12 ቮልት ስላያችሁ «መብራት አለ» ብላችሁ አትለፉ። የዛገ ሶኬትም፣ የላላ ግራውንድም (ወደ መኪናው አካል የሚመለሰው መስመር) ምንም ጭነት በሌለበት 12 ቮልት ያሳያል፤ ማሞቂያው ከረንት ሲጠይቅ ግን ወደ 5 ወይም 6 ይወድቃል። ሶኬቱን ሳትነቅሉ፣ ማሞቂያው በርቶ እያለ፣ ከኋላው በቀጭን መርፌ ለኩ። በማብሪያና በሪሌ (በትንሽ ከረንት እየታዘዘ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ክፍል) ብቻ በሚሠሩ የቆዩ መኪኖች ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል ማያያዝ ከመልቲሜትር ይበልጣል፤ ደብዝዞ ከበራ ጥፋቱ መንገድ ላይ ነው።

ቀጥሎ የማሞቂያውን ኦም፣ ማለትም ከረንትን የሚቋቋምበትን መጠን፣ ለኩ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 12 በ12 ተባዝቶ ለዋቱ ይካፈላል። ባለ 60 ዋት ከሆነ 2.4 ኦም ይሆናል። ከ1 ኦም በታች ካነበባችሁ ተነካክቷል፤ መለኪያው ምንም ካላነበበ ተቆርጧል። መለኪያችሁ ሁለቱ ጫፎቹ ተጋጥመው 0.4 የሚያሳይ ከሆነ እሱን መቀነስ አትርሱ፤ በዚህ ትንሽ ቁጥር ላይ ያ ልዩነት ብዙ ያሳስታል። ሌሎቹ ሁለት ቀጭን ሽቦዎች የሙቀት መለኪያው ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር ኦም ያሳያሉ፣ በእጅ ሲሞቁ ደግሞ ቁጥሩ ይወርዳል። ካልወረደ ማሞቂያው ሳይሆን የሙቀት መለኪያው ነው የሞተው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ሁለት ደረጃ ብቻ ባላቸው አንዳንድ የቆዩ መኪኖች፣ ዝቅተኛው ደረጃ መቀመጫውንና መደገፊያውን በተከታታይ ያገናኛል፣ ከረንቱ በአንዱ አልፎ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ከፍተኛው ጎን ለጎን፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይወስዳል። ስለዚህ «በዝቅተኛው ጭራሽ አይሠራም፣ በከፍተኛው ግን ጀርባዬን ብቻ ያሞቀኛል» ያለ ደንበኛ ምርመራውን ጨርሶላችኋል፦ የመቀመጫው ማሞቂያ ተቆርጧል።

አጎዛና ቡልኮ

በእኛ አገር ወንበር ላይ አጎዛ ማንጠፍ፣ ቡልኮ አጥፎ መደላደል የቆየ ነው፣ ያምራልም። ማሞቂያው ከበራ ግን መነሳት አለበት። ሱፍና ጥጥ ሙቀቱን ወደ ላይ አያሳልፉም። ከታች ያለው የሙቀት መለኪያ የሚያውቀው የሥሩን ብቻ ስለሆነ «ሞቋል» ብሎ ይቆርጣል፤ የተቀመጠው ሰው ግን አልሞቀውምና ወደ ከፍተኛው ያስጨምራል። የቆዩት፣ መለኪያቸው አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሆነ ወንበሮች ደግሞ መለኪያው በሌለበት በኩል ከልክ በላይ ይግላሉ፤ ልብሱ ላይ የሚታየው ቡናማ ክብ የዚህ ምልክት ነው። ያን ክብ ያየ ሰው ያንኑ ቀን ማሞቂያውን ማጥፋት ይኖርበታል። ወፍራም የፕላስቲክ ቆዳ ሽፋን ያሰፋም ከዚህ አያመልጥም።

ወንበሩን ጭነት ማድረግ

ማሞቂያው ከጨርቁ ሥር የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ወይም የካርቦን ክር ነው። ሰው ሲቀመጥ ክብደቱ ይሰራጫል፤ በጉልበት ሲንበረከኩበት ግን ሙሉ ክብደት በአንዲት ነጥብ ላይ ያርፋል። ከኋላ ወንበር ዕቃ ለማንሳት የፊቱ ላይ መንበርከክ፣ የጤፍ ጆንያ በማዕዘኑ ማቆም፣ የድንች ከረጢት መወርወር፣ ሁሉም ሽቦውን ይበጥሳሉ። አረቄ ወይም ቅቤ የያዘ ጀሪካን በበራ ማሞቂያ ላይ አታስቀምጡ፤ አንዱ ይተንናል፣ ሌላው ቀልጦ ስፖንጁ ውስጥ ይገባል።

የተበጠሰውን መቀጠልም ስህተት ነው። ጠምዝዞ በናስትሮ የታሰረ ሽቦ መጋጠሚያው ላይ ይግላል። ካርቦን ደግሞ ጭራሽ አይበየድም። የማሞቂያውን ምንጣፍ፣ ማለትም ሽቦው ወይም ክሩ የተዘረጋበትን ንጣፍ፣ ሙሉውን ቀይሩት።

ወንበር በላስቲክ ቱቦ አታጥቡ። በእርጥብ ጨርቅ ይበቃል።

የሚተኛ ሰው፣ የማይሰማው ሰው

ይህን በቁም ነገር ያዙልኝ። ቆዳን ለማቃጠል እሳት አያስፈልግም፤ 44 ዲግሪ የሞቀ ነገር ቆዳን ለ6 ሰዓት ያህል ከነካ ያቃጥላል፣ ከዚያ በላይ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል። ጤነኛ ሰው ሲቆረቁረው ይነሳል ወይም ያጠፋዋል። የስኳር ሕመም እግሩን ያደነዘዘበት፣ ከወገቡ በታች የማይሰማው፣ ጠጥቶ የተኛ፣ በመድኃኒት የደነዘዘ ሰው ግን አይነሳም። እማማን ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል የምታደርስ ልጅ፣ እንዲመቻቸው ብለሽ ከፍተኛውን አብርተሽ አትርሺው፤ በዝቅተኛው ጀምሪ፣ ሲሞቅ አጥፊው፣ የተቀመጡበትን በእጅሽ ዳስሺ። የሕፃን ወንበር በተጫነበት መቀመጫ ላይ ማሞቂያው ጠፍቶ ይቆይ።

ሞተር አጥፍቶ ማሞቅ

ማኅሌት የቆመ ቤተሰብ እየጠበቀ መኪና ውስጥ የሚያድር ሾፌር ብዙ ነው። ሞተሩ ጠፍቶም ማሞቂያው የሚሠራ ከሆነ፣ ሁለት ወንበር በሰዓት 12 አምፔር-ሰዓት ግድም ይወስዳል። ባለ 60 አምፔር-ሰዓት ባትሪ፣ ያውም ያረጀ ከሆነ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ሞተር አያስነሳም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ የሚታየው ስህተት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ባለቤቶቹ ቻርጅ ለመቆጠብ የወንበሩን ያጠፉና የአየሩን ማሞቂያ ይከፍታሉ። የአየሩ ማሞቂያ በብርድ ከ2 እስከ 5 ኪሎዋት ሊወስድ ይችላል፤ ሁለቱ ወንበሮች ተደምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 ኪሎዋት አይበልጡም። ከባሕር ዳር በዳንግላና በእንጅባራ አድርጎ ደብረ ማርቆስ ለሚገባ ሰው፣ በአየሩ ማሞቂያ በሰዓት የሚጠፋው 3 ኪሎዋት-ሰዓት ቢሆን ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ነው። መስታወቱን ለማጥራት ብቻ አየሩን ክፈቱ፣ ሰውን በወንበሩ አሙቁ። ግን እዚህም መኪናው ጠፍቶ እያለ አይሁን፤ ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ካለቀች ትልቁ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነሳም።

ከገበያ የተገዛውን ማስገጠም

ማሞቂያ የሌላትን መኪና ማስገጠም ይቻላል፤ ከሲጋራ መለኮሻው መስመር መቀጠል ግን አይቻልም፣ ያ መስመር አራት ምንጣፍ አይችልም። ከባትሪው ቀጥታ ውሰዱ፣ ፊውዙን ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ ግጠሙ፣ ሪሌውን በቁልፍ በሚበራ መስመር እዘዙት፤ ያለዚያ ሌሊቱን ሲሞቅ ያድራል። ምንጣፉ አይታጠፍ፣ ልብሱ ወደ ውስጥ የሚገባበትን ቦይ አያቋርጥ። የተሳፋሪው ወንበር ሰው መቀመጡን የሚለይ መለኪያ ካለው፣ በላዩ ላይ ሌላ ነገር ማንጠፍ ኤርባጉን ያሳስተዋልና ያን ወንበር ተዉት።

ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ፣ ደጀን ላይ አጥፉት። ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ከ2,400 ሜትር አካባቢ ወደ 1,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከታች ሙቀቱ የሚያልብ ሆኖ ሳለ የተረሳ ማሞቂያ ሾፌሩን ያፈዛል፣ ያውም መንገዱ ጠመዝማዛ በሆነበት። ጎሐ ጽዮን ከወጣችሁ በኋላ ብርድ ካለ መልሳችሁ አብሩት።