ኢየሩሳሌም ከጎንደር በየት በኩል ናት? ትልልቅ ሰዎችን የልጆች ጂኦግራፊ መፈተኛ ዘዴ

ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። አንድ ማታ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣችና "አባዬ፣ የምድር ወገብ በኢትዮጵያ ያልፋል?" አለችኝ። "እንዴታ! ያልፋል እንጂ" አልኳት ሻዬን ፉት እያልኩ። አያልፍም። የአገራችን ደቡባዊ ጫፍ ራሱ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 3 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። መስመሩ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በኬንያ በኩል ነው የሚያልፈው። አለማወቄስ ይሁን፣ ያንገበገበኝ "እንዴታ" ማለቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እዚህ ጎንደር ቤታችን ቡና ሊጠጣ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይፈተናል። ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ አጎት፣ ማንም አይቀርለትም። የትኛው ጥያቄ ሰውን እንደሚያፋጥጥ፣ የትኛው ደግሞ እንደሚያስቀይም በሙከራ ለይተናል። እናንተም ካማራችሁ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ስልክ ይሰብሰብ። ሁሉም በሳህን ላይ ያስቀምጥ፣ ሳህኑ ይከደን። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ባዶ ወረቀት፣ እርሳስና ላጲስ ስጡ። ምርጫ ያለው ጥያቄ አታውጡ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ካላችሁ ትልቅ ሰው ይገምታል፣ ሲመታለት ደግሞ አውቄው ነው ይላል።

የመጀመሪያው ትእዛዝ "ኢትዮጵያን ሣሉ" የሚል ነው። ጎንደርን፣ ጣናንና አዲስ አበባን ያስቀምጡ፣ ከዚያ ጎረቤት አገሮችን በየቦታቸው ይጻፉ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሥዕሉ ድንች ቢመስል ግድ የለም፣ የኔም ድንች ነው። የምታርሙት ቅደም ተከተሉን ነው። ከሰሜን ተነስታችሁ በቀኝ ስትዞሩ ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያ፣ ኬንያ፣ ደቡብ ሱዳን፣ ሱዳን መምጣት አለባቸው። ስድስቱንም በቃሉ የሚደረድር ሰው ወረቀት ላይ ሲሆን ጅቡቲን ከኤርትራ በላይ ይሰቅላታል። አንድ ሹፌር ጓደኛዬ፣ በየሳምንቱ መተማ የሚመላለስ ሰውዬ፣ ሱዳንን በምሥራቅ በኩል አስቀመጣት።

"ከሰዓት በኋላ ወደ መተማ ስትነዳ ፀሐይዋ የት ነው የምትመታህ?" አልነው።

"ፊቴን ነዋ!" አለ። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ላጲስ ጠየቀ።

ቀጥሎ ሰው ይቁምና ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ያመልክት። እዚህ ላይ ነው ጨዋታው የሚደምቀው። በባሕር ዳር ጀምሩ፣ ቀላል ነው፣ ወደ ደቡብ ነው፣ በአዘዞ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ስለሌለ ሁሉም ያገኘዋል። ከዚያ ላሊበላ በሉ። አብዛኛው ሰው እጁን ወደ ደቡብ ይዘረጋል፣ ምክንያቱም መኪናው መጀመሪያ ወደ ወረታ ስለሚወርድ ነው። ላሊበላ ግን ከጎንደር በስተምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ነው ያለችው። ሰው በጭንቅላቱ የያዘው መንገዱን ነው፣ አቅጣጫውን አይደለም። ናይሮቢስ? ሰተት ብሎ ወደ ደቡብ ነው፣ እንዲያውም ትንሽ ወደ ምዕራብ ያደላል። ይህን ያገኘ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ዋናዋ ጥያቄ ግን ኢየሩሳሌም ናት። እናቴን ጨምሮ ቤቱ ሙሉ ወደ ምሥራቅ ጠቆመ። ቤተ ክርስቲያን ወደ ምሥራቅ ስለሚጸለይ ቅድስቲቱ ከተማም እዚያው ትመስለናለች። ኢየሩሳሌም ከጎንደር ቀጥ ብላ በስተሰሜን ናት፣ ጥቂት ወደ ምዕራብ ታዘነብላለች እንጂ ወደ ምሥራቅ የለችበትም። መካ ደግሞ በሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ብላ። ሙስሊም ጎረቤታችን ሰሜንን አንድም ጊዜ አልሳተም። በቀን አምስት ጊዜ ልምምድ ያለው ሰው ነዋ!

ከማረማችሁ በፊት ግን እያንዳንዱን ሰው "መቼ ነው የተማርከው?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጠብ የሚነሳው ይህን ካለመጠየቅ ነው። በደርግ ጊዜ የተማረው አጎቴ አዋሳኞቻችን አራት ናቸው ብሎ ድርቅ አለ፦ ሱዳን፣ ኬንያ፣ ሶማሊያ፣ ጅቡቲ። እሱ በተማረበት ዓመት ትክክል ነበር። ኤርትራ ነፃ አገር የሆነችው በ1985 ዓ.ም. ነው፣ ደቡብ ሱዳን በ2003። ቀይ ባሕርም ያኔ የኛ ዳርቻ ነበር። አጎቴ 14ቱን ክፍለ ሀገር እንደ ውዳሴ ማርያም ያወርዳቸዋል፣ ጎንደርም አንዱ ክፍለ ሀገር ነበር፣ ሲጠራው ድምፁ ከፍ ይላል። እኔ የተማርኩት 9 ክልልና 2 ከተማ አስተዳደር ብዬ ነው። የልጄ መልስ 12 ክልልና 2 ከተማ ነው፣ ምክንያቱም የድሮው ደቡብ ክልል ተከፋፍሎ ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ራሳቸውን ችለዋል። ከአፍሪካ በስፋት አንደኛ ማን ነው ብትሉም እንዲሁ ነው። ሱዳን ነበረች፣ ለሁለት ስትከፈል ቦታውን ለአልጄሪያ ለቀቀች። የናይጄሪያ ዋና ከተማም ሌጎስ አይደለም፣ አቡጃ ነው።

እኛ የምናርመው እንዲህ ነው፦ የድሮውን መልስ የመለሰ ግማሽ ነጥብ፣ የድሮውንም የአሁኑንም የሚያውቅ አንድ ከግማሽ። ራስ ዳሸንን ከጠየቃችሁ 4,620 ሜትር ያለውንም 4,550 ያለውንም ተቀበሉ፣ የመጀመሪያው በድሮ መጽሐፎች ያለ ነው፣ ሁለተኛው አሁን በብዛት የሚጻፈው።

አህጉር ስንት ነው፣ ትልቁ ውቅያኖስ ማን ነው፣ ኪሊማንጃሮ የማን ነው (የታንዛኒያ፣ የኬንያ አይደለም) የሚሉትን ቡና እስኪፈላ ጣል ጣል አድርጓቸው። አንድ ጥያቄ ግን ጊዜ ስጡት። "እዚህ ጎንደር ፒያሳ የዘነበው ውሃ መጨረሻው የት ነው?" በሉ። አብዛኛው "ጣና" ብሎ ያቆማል። አታስቁሙ፣ "ከዚያስ?" እያላችሁ ግፉ። አንገረብ ወይም ቀሃ፣ ከዚያ መገጭ፣ ከዚያ ጣና፣ ከባሕር ዳር በአባይ፣ ካርቱም ላይ ከነጭ አባይ ጋር፣ በግብፅ አልፎ ሜዲትራኒያን ባሕር። እዚህ ላይ አንዱ መነሳቱ አይቀርም፦ "ግብፅ ከላይ አይደለችም እንዴ? ውሃ ወደ ላይ ይፈሳል?" ካርታው ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ ነው እንዲህ የሚያስበው። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አንጥፉለት። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ካርቱም 400 እንኳ አይሞላም።

ሰኔ ላይ ከሆናችሁና ደመናው ከገለጠላችሁ ደግሞ ግቢ ውስጥ አንድ እንጨት ትከሉ። "እኩለ ቀን ላይ ጥላው ወደየት ይወድቃል?" ብላችሁ መልስ ሰብስቡና 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ውጡ። ወደ ደቡብ ነው። በክረምት ፀሐይዋ ከጎንደር በስተሰሜን ነው የምታልፈው። በታኅሣሥ ብትደግሙት ጥላው ወደ ሰሜን ይዞራል። ክረምት የሚበርደን ፀሐይ ስለራቀችን ነው ያለ ሁሉ እዚያው እንጨቱ ሥር ይወድቃል። ብርዱ የደመናውና የዝናቡ ነው።

ስለ ሰው አያያዝ ትንሽ ልበል። ታላላቆችን "ይፈተኑ" ብላችሁ አትጋብዙ፣ "ይዳኙን" በሉ። ዳኛው ተቀምጦ አይችልም፣ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ራሱ ይገባበታል። ጡረታ የወጣ መምህር ካለ እርማቱን ለእሱ ስጡት፣ አለዚያ ሙሉ ከሰዓቱን ሲያርማችሁ ነው የሚውለው። አማትን በሰው ፊት አትጠይቁ። ይህንን በምን እንዳወቅሁ አትጠይቁኝ። ነጥብ ስትሰጡ ደግሞ ከእያንዳንዱ መልስ ጎን "እርግጠኛ" ወይም "ግምት" ብለው ይጻፉ። እርግጠኛ ብሎ የተሳሳተ አንድ ነጥብ ይቀነስበት። ይህችን ሕግ ያወጣችው ልጄ ናት፣ ለማን ብላ እንዳወጣችው ገብቶኛል።

የመጀመሪያ ቀን ከ20 ያገኘሁት 11 ነው። ወረቀቱን ስትመልስልኝ ግርጌው ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ወላጅ ያስፈርሙ" ብላበታለች። እናቴ ጋ ወሰድኩት። መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ አየችው፣ ፈረመችልኝ፣ ከዚያ የኢየሩሳሌሟን ጥያቄ በጣቷ መታ መታ አድርጋ "ይቺን ግን መምህሯ ተሳስታለች" አለችኝ።