ባሩ ሳይጎብጥ ሞተሩ ለምን ይሰበራል? የሞተር ሳይክል ክራሽ ባር ችግርና መፍትሄ

ባለፈው ክረምት አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ጭቃ ላይ ቆሜ ሳለሁ ሞተር ሳይክሌ በግራ ጎኑ ተኛ። እየነዳሁ አልነበረም። እግሬን መሬት አስነክቼ መንገዱን እያየሁ ነበር። ጫማዬ አንሸራተተኝና ተያይዘን ወደቅን። አንስቼ ሳየው ክራሽ ባሩ፣ ማለትም ሲወድቅ ሞተሩን እንዲያድን ጎኑ ላይ የሚታሰረው ብረት፣ ምንም አልሆነም፤ ቀለሙ ትንሽ ተፍቋል። ደስ አለኝ። ጎንደር ገብቼ ሳጥበው ግን ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያስረው፣ ቡሎን የሚገባበት የአሉሚኒየም ጆሮ ተሰንጥቆ አገኘሁት።

ባሩ የተሠራው በ20 ሚሊ ድፍን ፌሮ ነበር። ስገዛው "ጭነት መኪና ቢወጣበት አይጎብጥም" ተብያለሁ። ችግሩም እሱ ነበር፤ አልጎበጠም። ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጓደኞቼንም ባር ከበያጅ ጋር ቁጭ ብዬ ሠርቻለሁ። ያጋጠሙንን ችግሮች ከነመፍትሄያቸው እነሆ።

ባሩ ደህና ነው፣ የሞተሩ ጆሮ ግን ተሰነጠቀ

ከሁሉ የከፋው ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ።

ለጉዞ የሚሆን ሞተር ሳይክል ከነዳጁ ጋር ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሻንጣ ሲጫንበት ደግሞ ይብሳል። ይሄ ሁሉ ክብደት ሲወድቅ ጉልበቱን አንድ ነገር መዋጥ አለበት። ባሩ ትንሽ ከጎበጠ እሱ ይውጠዋል። ባሩ እምቢ ካለ ጉልበቱ ወደ ማሰሪያው ያልፋል። እዚያ የሚያገኘው ደግሞ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ አሉሚኒየም ነው። እንዲህ ያለ አሉሚኒየም እንደ ብረት አይጎብጥም፤ ይሰነጠቃል። እሱን መበየድም በተራ የኤሌክትሮድ ብየዳ የሚሆን ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ርዝመት ነው። ከማሰሪያው 25 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ የወጣ ባር ጫፉ ላይ ሲመታ ድንጋይ እንደሚፈነቅል ዲጂኖ ይሆናል። በአንድ ወይም በሁለት ቡሎን ብቻ የተያዘ ከሆነ ያ ሁሉ ጉልበት አንድ ጆሮ ላይ ያርፋል።

መፍትሄው ፌሮውን ትቶ ቱቦ መያዝ ነው። ውጩ 25 ሚሊ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ የሆነ ቱቦ በሜትር 1.1 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 20 ሚሊ ፌሮ በሜትር 2.47 ኪሎ ነው። ቱቦው ከግማሽ በታች ቀሎ፣ ለቀላል ግፊት ከፌሮው እንዲያውም ትንሽ ይበልጥ ይቋቋማል። ለከባድ ምት ግን ከፌሮው ቀድሞ ይታጠፋል። የምንፈልገው ይሄንኑ ነው። ሥራውን የጀመርን ዕለት ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ካሉት አንድ ሽማግሌ በያጅ ጋር ተከራከርን።

"ጋሼ፣ ፌሮው ይቅርና በቱቦ ይሥሩልኝ" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ቱቦ ይጎብጣል እኮ።"

"እንዲጎብጥ ነው የምፈልገው። ሞተሩ እንዲተርፍ።"

ትንሽ አሰቡና "እንግዲያስ ማሰሪያውን ማብዛት ነው" አሉኝ። ልክ ናቸው። በየጎኑ ሦስት ማሰሪያ ያስፈልጋል፦ አንዱ ከላይ ሻንሲው ላይ፣ አንዱ ታች ከሞተሩ ፊት ባለው ማሰሪያ ላይ፣ አንዱ ከኋላ ወደ እግር መርገጫው ጠጋ ብሎ። ከዚያ ግራና ቀኙን ከሞተሩ ፊት ለፊት በሚያልፍ አግዳሚ ቱቦ ማገናኘት። በግራ የመጣውን ምት የቀኙም ማሰሪያዎች ይካፈሉታል። እኔ ከሁሉ ለውጥ ያመጣው ይህ አግዳሚ ቱቦ ይመስለኛል።

የሞተሩን ማሰሪያ ቡሎኖች ሁሉንም በአንዴ አትፍቱ። ሞተሩ ከቦታው ይንሸራተትና ቀዳዳው አልገጥም ይላል። ከሥሩ በጣውላ ደግፉት፤ አንዱን ፈትታችሁ አስራችሁ ወደ ሌላው እለፉ።

ባሩን በቀጥታ ሻንሲው ላይ ማስበየድ የሚፈልግ ሰውም አለ። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። የብየዳው ሙቀት በዙሪያው ያለውን የሻንሲ ብረት ጠባይ ይለውጠዋል፣ ቀጣዩም ምት ሻንሲውን ይዞ ይሄዳል። ቡሎን ይቀየራል፤ ሻንሲ እንዲህ በቀላሉ አይቀየርም። ለልክ ሲባል ሞተር ሳይክሉ ላይ እንዳለ ነጥብ ነጥብ ማስያዝ ግድ ከሆነ ባትሪው ይነቀል፣ የመበየጃው ምድር ገመድ እዚያው የሚበየደው ብረት ላይ ይታሰር፣ የነዳጅ ታንከሩም ይውረድ። ዋናው ብየዳ ባሩ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ባሩ ጎብጦ የሞተሩን ክዳን ነካ

እንዲጎብጥ ፈልገን ከሆነ የሚጎብጥበት ቦታ መተው አለብን። ብዙ ጊዜ የማየው ባር ለውበት ተብሎ ከሞተሩ ጋር የተጣበቀ ነው። እኔ ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር ክፍተት እተዋለሁ። ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ ወጣ ያሉበት እንደ ቢኤምደብሊው ጂኤስ ያለ ሞተር ሳይክል ላይ ደግሞ ባሩ ከሲሊንደሩ ጫፍ አልፎ መዞር አለበት። የቫልቭ ክዳኑም ባሩ ሳይወርድ መከፈት አለበት።

ክፍተቱ በቂ ሆኖም ከነካ፣ ሁለት ማሰሪያ መሃል ያለው ቱቦ በጣም ረጅም ነው ማለት ነው። መሃሉ ላይ ድጋፍ ጨምሩ ወይም ቱቦውን ሰፋ አድርጉ። ውፍረቱ ያው 2 ሚሊ ሆኖ ውጩን ከ22 ወደ 28 ሚሊ ብታሳድጉት የመታጠፍ መቋቋሙ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ክብደቱ የሚጨምረው ግን በሜትር 300 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ውፍረቱን ከመጨመር ስፋቱን መጨመር ያዋጣል።

ለመፈተሽ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። ነዳጁን ቀንሱ፣ መሬቱ ላይ ካርቶን አንጥፉ። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ሆናችሁ ሞተር ሳይክሉን ቀስ ብላችሁ በጎኑ አስተኙት። ከዚያ በርከክ ብላችሁ መሬት የነካውን እዩ። ባሩ፣ የመሪው ጫፍና ከኋላ የሻንጣው ማሰሪያ ቢነኩ ጥሩ ነው። የማርሽ መርገጫው ወይም የሞተሩ ክዳን ከነካ ቅርጹ ገና ነው። በዚያው እግር የሚገባበት ክፍተት መኖሩንም እዩ። ክራሽ ባር ማሽኑን እንጂ እግርን ለማዳን የተሠራ አይደለም፤ ቢሆንም ከወደቁ በኋላ እግርን መዝዞ ማውጣት መቻል ትልቅ ነገር ነው።

በአንድ ፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ቡሎኑም ይላላል

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ባሩ ተጎትቶ መታሰሩ ነው። ቀዳዳው አልገጥም ሲል በዲጂኖ ገፍተው ያስገቡታል። ያ ባር ሁልጊዜ እንደተወጠረ ይኖራል። ሁሉንም ቡሎን አላሉና ሞክሩ። ቡሎኖቹ በእጅ ብቻ መግባትና መውጣት አለባቸው። ካልሆነ ማሰሪያውን ቆርጦ እንደገና ማስያዝ እንጂ ቀዳዳውን ማስፋት መፍትሄ አይደለም። ስታስሩ መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ፣ ከዚያ ሁሉንም በየተራ በቁልፍ።

ሁለተኛው ምክንያት ከሮንዴላው ሥር ያለ ወፍራም ቀለም ነው። ቀለሙ ሲደቅ ቡሎኑ ይላላል። የሚነካካውን ፊት በአሸዋ ወረቀት አጽዱት።

ሦስተኛው ተደብቆ የሚቆይ ነው። ማሰሪያው 6 ሚሊ ላሜራ ከሆነ ቡሎኑም በ6 ሚሊ መርዘም አለበት። ያው ቡሎን ከተመለሰ የሚይዘው ጥርስ ያንሰዋል። ረጅሙን ስትገዙ ደግሞ ጥርሱን አመሳስሉ። ባለ 10 ሚሊ ቡሎን ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ወይም 1.5 ሚሊ ሊሆን ይችላል። የጃፓን ሞተር ሳይክሎች ላይ የሚበዛው 1.25 ነው፤ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚበዛው 1.5 ነው። ሁለት ዙር ገብቶ ከጠነከረ አቁሙ። በጉልበት ከገፋችሁት የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላዋል። አሮጌውን ቡሎን ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጥርሱን አጋጥሙት። ጭንቅላቱ ላይ የጥንካሬ ደረጃው 8.8 ተብሎ የተጻፈበትን ፈልጉ። ምንም ያልተጻፈበትን ለዚህ ሥራ አልጠቀምም።

አዲስ ባር ከተገጠመ በኋላ 100 ኪሎ ሜትር ሄዶ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ከጎንደር ደባርቅ ያህል ማለት ነው። ደባርቅ ቡና ስትጠጡ ቁልፍ አውጡና አንድ ዙር እዩት፤ ወደ ሊማሊሞ ጠመዝማዛ ከመግባታችሁ በፊት።

ከብየዳው አጠገብ ስንጥቅ ወጣ

ልብ በሉ፤ ስንጥቁ ብየዳው ራሱ ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ ነው። እዚያ ብረቱ ከመጠን በላይ ግሏል፣ ወይም በብየዳው ተበልቶ ስስ ሆኗል። 2 ሚሊ ቱቦ ላይ 3.25 ሚሊ ኤሌክትሮድ ሲያዝ እንዲህ ይሆናል። በ2.5 ኤሌክትሮድ፣ ኃይሉን ቀንሶ፣ አጠር አጠር አድርጎ መሥራት ነው። የቱቦውን አፍ የሚያርፍበትን ቱቦ ክብ ተከትሎ መቅረጽ ጊዜ ይፈጃል፤ ግን ክፍተቱን በኤሌክትሮድ ከመሙላት በብዙ ይሻላል። ብየዳውን ለማሳመር በግራይንደር መላጨት ያዳክመዋል። ውኃ ውስጥ መንከርም እንዲሁ፤ በራሱ ይቀዝቅዝ። በክረምት ደግሞ ኤሌክትሮዱ እርጥበት ይጠጣና ብየዳው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ከታሸገበት የወጣ ደረቅ ኤሌክትሮድ ይሁን።

የውኃ ቱቦ የምትጠቀሙ ከሆነ ነጩ ቅብ ዚንክ ነው። ከሚበየድበት ቦታ ካልተፋቀ ጭሱ በያጁን ያሳምመዋል፣ ብየዳውም አይረባም። "3/4 ኢንች" ስለተባለም 19 ሚሊ ነው ብላችሁ ማሰሪያ አትቁረጡ። ውጩ 27 ሚሊ ሊሞላ ምንም አይቀረው።

ቱቦው ሲታጠፍ ተጨፈለቀ

ጠበብ ብሎ ስለታጠፈ ነው። የመታጠፊያው ራዲየስ የቱቦው ስፋት ሦስት እጥፍ ያህል ይሁን፦ ለ25 ሚሊ ቱቦ 75 ሚሊ። የቱቦው የብየዳ ስፌት ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ሳይሆን በጎን በኩል ይሁን። ማጠፊያ ማሽን ከሌለ አሸዋ ሞልቶ፣ ጠቅጥቆ፣ እያሞቁ ማጠፍ ይቻላል። አሸዋው ግን በእሳት የተቆላ፣ ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት። እርጥብ አሸዋ በታሸገ ቱቦ ውስጥ ሲግል እንፋሎት ይፈጥራል፤ ቱቦው ሊፈነዳ ይችላል። በዚህ ቀልድ የለም።

ሌሎች ትንንሽ ነገሮች

መሪው ጫፍ ድረስ ሲዞር ወይም የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ እስከ መጨረሻው ሲወርድ የፊት ጭቃ መከላከያው ባሩን ከነካ አግዳሚው ቱቦ ወደ ኋላ ይግባ። የዘይት ማፍሰሻው፣ ፊልትሮውና ካንዴላው ባሩ ሳይወርድ መድረስ አለባቸው። ራዲያተር ፊት ላሜራ አታስለጥፉ። ከአዲ አርቃይ በኩል ወደ ደባርቅ ሽቅብ ስትወጡ ነፋሱ ያስፈልጋችኋል።

ክረምት አልፎ ባሩን ስታንኳኩት ድምፁ ከደፈነ ውስጡ ውኃ አለ። ዝቅ ባለው ቦታ 5 ሚሊ ቀዳዳ ብሱ። ይህ ቀዳዳ ቢቻል ከብየዳው በፊት ይበሳ። በተደፈነ ቱቦ ውስጥ የሞቀው አየር መጨረሻውን ብየዳ ገፍቶ ይበሳዋል።

ጎብጧል፤ ላቃናው ወይስ ልቀይረው?

አንዴ የጎበጠና ስንጥቅ የሌለበት ቱቦ በሞርሳ ይዞ ቀስ ብሎ ማቃናት ይቻላል። እዚያው ቦታ ለሁለተኛ ጊዜ ከጎበጠ ያንን ክፍል ቆርጦ በአዲስ ቱቦ መተካት ነው። መጋጠሚያው ውስጥ ልክ የሚገባ አጭር ቱቦ ከትቶ በላዩ መበየድ ያጠነክረዋል። የእኔ ግራ ባር እስካሁን ሁለቴ ጎብጧል፤ አንዴ ጠዳ መውጫ ላይ፣ አንዴ ደግሞ እዚሁ ግቢዬ በር ላይ። ታችኛውን ክፍል ቆርጠን ተክተነዋል። ቱቦውና የበያጁ ዋጋ አንድ ላይ የተሰነጠቀውን የሞተር ጆሮ ካሠራሁበት ዋጋ ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አልሆነም።