ከወንድሜ ጋር ውርስ ስናጣራ

አባታችን ካረፈ በኋላ ፍርድ ቤቱ እኔንና ታናሽ ወንድሜን የውርስ አጣሪ፣ ማለትም ንብረቱን ቆጥረን፣ ዕዳውን ከፍለን ለክፍፍል የምናዘጋጅ፣ አድርጎ ሾመን። ሁለት መሆናችን ይቀለናል ብለን ነበር። በሦስተኛው ወር ተኳረፍን። የተጣላነው በቤቱ አይደለም፤ በድንኳን ኪራይ ነው።

ወንድሜ የተዝካሩን ድንኳን፣ በሬና ጠላ የከፈለው ከአባታችን ሰርቪስ ቤቶች ኪራይ ነበር። ደረሰኝ ስጠይቀው «እትዬ፣ አባቴን ላስብ ወይስ ሒሳብ ልያዝ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በዚያ ሰሞን ማን ደረሰኝ ይሰበስባል? ሕጉ ግን አስቦበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውርሱ ላይ መጀመሪያ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነው ይላል፤ የተዝካር ወጪ ግን እዚያ ውስጥ አይገባም። ቀጥሎ የማጣራቱ ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ ይመጣል። ክፍፍሉ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ስለዚህ ድንኳኑ ሳይነሳ አንድ ደብተር ግዙ። ቀብሩን በአንድ ገጽ፣ ተዝካሩን በሌላ ገጽ ጻፉ። ማን ከኪሱ እንዳወጣም ይጻፍ። በየሳምንቱ ሁለታችሁም ፈርሙ። ነውር አይደለም።

ኪራዩን በእጅ አትቀበሉ። በሁለት ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ክፈቱና ተከራዮቹ እዚያ ያስገቡ። ወንድሜ አባባ በሕይወት እያሉ የሰጡት ውክልና ነበረው፤ አሁንም የሚሠራ መስሎት ነበር። ውክልና ከሰጪው ጋር ይሞታል። ዱባይ ያለችው እህታችን ደግሞ ወራሽ ስለሆነች ያለ እሷ ቤት መሸጥ አይታሰብም። ውክልናዋን እዚያው ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ሰጠች፤ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ ሰነዶች ማረጋገጫ ወሰድኩት። ይህን ቀድማችሁ ጀምሩት፤ ጊዜ ይበላል።

ካልተግባባችሁ ወዲያው «ወንድሜ ይሻርልኝ» ብላችሁ አትክሰሱ። እኔ ልከስ ነበር፤ ጠበቃዬ ናት ያስቆመችኝ። «መጀመሪያ ሒሳብ ያቅርብ ብለሽ አመልክቺ» አለችኝ። የሾማችሁ ፍርድ ቤት ሒሳቡን አይቶ መወሰን ይችላል። መሻር ከጠየቃችሁ ግን ሁለታችሁንም አንስቶ ሌላ ሰው ሊተካ ይችላል። የሰውየው አበል ደግሞ ከውርሱ ነው የሚከፈለው።

እኛ ከማመልከቻው በፊት አጎታችንንና የእድሩን ዳኛ አስቀመጥን። ሽማግሌ የሚያዋጣው ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ፣ ተፈርሞ፣ ከማጣራቱ ሪፖርት ጋር ፍርድ ቤት ሲገባ ነው። አፍ ለአፍ የተባለ ነገር በዓመቱ ይረሳል።

ወንድሜ ዕለቱን አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዞ መጣ። የእድር ደረሰኝ ጀርባ ላይ በእርሳስ ሁሉንም ጽፎት ኖሯል። የበሬውን ግማሽ ከደሞዙ ነው የከፈለው፤ ለእኔ አልነገረኝም። አጎታችን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ደመሩት። ከዚያ የተዝካሩን ወጪ ልጆቹ ለሦስት እንድንካፈል፣ ከኪራዩ የወጣውም ተመልሶ ባንክ እንዲገባ ተስማማን። የእኔን ድርሻ እዚያው ቆጥሬ ሰጠሁት። ደረሰኝ ጻፍልኝ ስለው ሳቀ፤ ግን ጻፈልኝ።