የፋሲካ ዶሮ ወጥ፦ ሳይቀምሱ እንዴት ይሰራል?

እኛ ቤት ፋሲካ መጀመሪያ የሚሸተው ሽንኩርት ሽንኩርት ነው። ዕጣኑም ቡናውም ከዚያ በኋላ ነው የሚመጡት። ቀዳም ሥዑር ጠዋት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን የተሰጣትን ቄጤማ ራሷ ላይ አስራ ትመለስና እሱን ሳትፈታ መክተፊያውን ታወጣለች። ዶሮ ወጥ በእንቁጣጣሽም በገናም ይሰራል፤ የፋሲካው ግን የራሱ ጣጣ አለው። የሚሰራው 55 ቀን የጾመ ሰው ነው፤ የሚሰራውን ደግሞ መቅመስ አይችልም። ጨው ይብዛ ይነስ፣ በርበሬው ይብሰል አይብሰል የሚታወቀው በአፍንጫ፣ በዓይንና በጆሮ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በሁለት ተከታታይ ዓመት ሁለት ድስት አበላሽቼ ነው። አንዱን አሳረርኩት፣ አንዱን ጨው አደረግኩት። እናንተ ሦስተኛውን ዓመት አትጠብቁ።

1. ግዢው ሐሙስ ይለቅ

ዓርብ ስቅለት ነው፤ ሰው ስግደት ላይ ይውላል። ቅዳሜ ደግሞ ገበያው አይቀመስም። ስለዚህ ጸሎተ ሐሙስ ጉልባኑ ሳይቀዘቅዝ ሁሉም ነገር ቤት መግባት አለበት። እኛ ሾላ ነው የምንገዛው፤ እናንተ የሚቀርባችሁ ገበያ ሂዱ።

ለአንድ መካከለኛ የሀበሻ ዶሮ የምጠቀመው ይህን ነው፦ 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ 2 የሻይ ብርጭቆ በርበሬ፣ ሩብ ኪሎ ንጥር ቅቤ፣ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ዘይት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዝንጅብል፣ 1 የሻይ ማንኪያ መከለሻ፣ 6 ሎሚ፣ ጨው፣ 10 እንቁላል። «ለአንድ ዶሮ 3 ኪሎ ሽንኩርት?» ብሎ የሚደነግጥ አይጠፋም። ቁሌቱ ሲያልቅ ከግማሽ በታች ወርዶ ታገኙታላችሁ። የወጡ ውፍረት የሚመጣው ከሽንኩርቱ ነው፤ ሽንኩርት ቆጥቦ ዶሮ ወጥ የለም።

ዶሮዋን ስትገዙ ላባዋን አትዩ፣ ደረቷን ዳብሱ። የደረቷ አጥንት እንደ ቢላ ስለት እጃችሁን ከወጋው ላባ ነው የገዛችሁት። የፈረንጅ ዶሮ ቶሎ ይበስላል፣ ሥጋውም ይበዛል፤ ለበዓል ግን እኔ ለሀበሻዋ ነው የምፈርደው። ወጡ ውስጥ ረጅም ሰዓት ቆይታ ሳትበታተን ጣዕሟን ትለቃለች።

ከሰልም ግዙ። የበዓል ዋዜማ ማታ መብራት ካልጠፋ በዓሉ የመጣ አይመስለንም።

2. ሽንኩርቱን መክተፍ

ደቀቅ አድርጋችሁ በእጅ ክተፉ። ማሽን ውስጥ ከትቶ እንደ ጭማቂ መፍጨትን እቃወማለሁ፤ ውሃው ይበዛል፣ ሽታውም ጥሬ ጥሬ እንዳለ ይቀራል። የግድ ከሆነ ማሽኑን ጫን ለቀቅ እያደረጋችሁ ሻካራ ላይ አቁሙት። እንባን በተመለከተ ዳቦ ጥርስ መሃል መያዝ፣ ሽንኩርቱን ውሃ ውስጥ መንከር የሚባለውን ሁሉ ሞክሬያለሁ። ሰው ጠርቶ መካፈል ብቻ ነው የሚሰራው።

3. ቁሌት

ሥራው ይሄ ነው፤ ሌላው ሁሉ ማጀቢያ ነው።

ወፍራም ድስት ያዙ። ስስ አሉሚኒየም ድስት ሽንኩርት ለማሳረር የተሰራ ነው የሚመስለው። አጠገባችሁ በማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ፣ አንድ ሲኒ፣ አንድ የእንጨት ማማሰያ ይኑር። ሽንኩርቱን ዘይትም ውሃም ሳታደርጉ ባዶ ድስት ውስጥ ጨምሩና መካከለኛ እሳት ላይ ጣዱት። ዘይት ከመጀመሪያው ከገባ ሽንኩርቱ ይጠበሳል እንጂ አይሟሟም፤ በኋላ ወጡ ውስጥ እንደ ቅጠል ሲንሳፈፍ ታዩታላችሁ።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ቀላል ነው። ሽንኩርቱ የራሱን ውሃ ያወጣና ይንጫጫል፤ አልፎ አልፎ ማማሰል ይበቃዋል። ቀጥሎ ድምፁ እየቀነሰ ይመጣና ጭጭ ይላል። ጆሯችሁን እዚህ ላይ አንቁ፤ ዝም ያለ ሽንኩርት ውሃው አልቆ ታቹን ሊይዝ ነው። ከዚህ በኋላ ከምድጃው መራቅ የለም። ታቹ ያዝ ሲያደርግ ግማሽ ሲኒ የፈላ ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ በማማሰያው ታቹን ፍቁት፣ እስኪደርቅ አማስሉ፣ ደግሞ ጠብ አድርጉ። ይህ ሃያ ጊዜም ሠላሳ ጊዜም ይደጋገማል። ውሃውን አንዴ ገልብጦ መገላገል የሚያምራችሁ ሰዓት ይመጣል፤ ያኔ ቁሌቱ ቀርቶ ቅቅል ይሆናል። ቀዝቃዛ ውሃም አይሆንም፤ የያዘው ሙቀት ይጠፋና ሥራው ወደ ኋላ ይመለሳል።

ቀለሙን እዩ። ሐምራዊው መጀመሪያ ነጣ ይላል፣ ቀጥሎ እንደ ገለባ ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ የወፈረ ሻይ ይመስላል። መድረሱን የማውቀው ማማሰያውን ድስቱ መሃል ስጎትት ነው፤ የድስቱ ወለል እንደ መንገድ ተከፍቶ ይታይና ሽንኩርቱ ቀስ ብሎ ተመልሶ ይዘጋዋል። የክታፊ ቅርጽ ከታያችሁ ገና ነው። ለ3 ኪሎ ሽንኩርት እኔን ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል። በግማሽ ሰዓት ጨረስኩ የሚል ሰው ወጥ ሲጋብዛችሁ ቤታችሁ ጥቂት በልታችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ድስት። እናቴ ወገቧን ታማ ተኝታ ነበርና ከአልጋ ሆና እየነገረችኝ እኔ ነበርኩ የማቁላላው። ስልክ ጠራ። አራት ደቂቃ ቢሆን ነው ያወራሁት። ስመለስ ታቹ ጠቁሯል። ያኔ የሰራሁት ስህተት ከማሳረሩ የባሰ ነበር፤ ጥቁሩን ፍቄ ከላይኛው ጋር ቀላቀልኩት፣ በርበሬው ይሸፍነዋል ብዬ። በርበሬ ምሬት አይሸፍንም፣ ያወጣዋል። ሌሊት ሲፈሰክ ሁሉም በጨዋ ደንብ በሉ፤ አጎቴ ብቻ ቀና ብሎ «ቡና ነው እንዴ የቆላችሁበት?» አለ። እስከ ዛሬ በየበዓሉ ያነሳብኛል።

ካረረባችሁ ታቹን አትንኩ። ማማሰያውን አውጡ፣ የላይኛውን ብቻ በጭልፋ ወደ ሌላ ድስት አዛውሩ፣ ያረረውን ከነድስቱ ውሃ ሞልታችሁ ጓሮ አስቀምጡት። ሩቡን ሽንኩርት ታጣላችሁ፤ ቀሪው ይተርፋል።

4. በርበሬው

እሳቱን ቀንሱ። ዘይቱንና ግማሹን ቅቤ ጨምሩ፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን አስከትሉ፤ አሥር ደቂቃ ያህል ይቁላሉ። ከዚያ በርበሬው ከአንድ ሲኒ የፈላ ውሃ ጋር ይገባል። ደረቅ በርበሬ የጋለ ቅቤ ላይ ብቻውን ከወደቀ ወዲያው ያርርና ቤቱን ሙሉ ያስነጥሳል።

አርባ አምስት ደቂቃ ያህል፣ አሁንም ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አብስሉት። ያልበሰለ በርበሬ ጉሮሮ ይይዛል፣ አቧራ አቧራ ይሸታል። ሲበስል ሽታው ይለሰልሳል፣ ደማቅ ቀይነቱ ይጠቁራል፣ ቅቤው በድስቱ ዳር ዳር ይወጣል። መቅመስ ለማይችል ሰው ትልቁ ምልክት የዳር ቅቤው ነው።

5. ዶሮዋ

ይህንን ሽንኩርቱ እየተቁላላ ሌላ ሰው ይስራው። እኛ ቤት አባቴ በስመ አብ ብሎ ያርዳል፤ ቀሪው የእህቴ ነው። ቆዳው ለማንኛውም ስለሚገፈፍ ላባ ነቀላው ላይ አትጨነቁ። ጭንቀታችሁን ለሐሞቷ አስቀምጡት፤ ጉበቱ ላይ የተጣበቀች አረንጓዴ ከረጢት ናት። ከጉበቱ ቆርሳችሁ አብራችሁ አውጧት። ከፈረጠች የነካችው ሁሉ ይመራል።

አገነጣጠሉ 12 ብልት ነው፦ 2 ታፋ፣ 2 ቅልጥም፣ 2 ክንፍ፣ ከደረት ፈረሰኛውን ጨምሮ 3፣ ከጀርባ 2፣ አንገት 1። ቢላው መገጣጠሚያውን ይፈልግ እንጂ አጥንት አይስበር፤ ስብርባሪ አጥንት ልጅ ያንቃል። ከዚያ በጨውና በሎሚ እያሻችሁ እጠቡ፤ ውሃው እስኪጠራ ድረስ። አምስትም ስድስትም ውሃ ይፈጃል። በመጨረሻ ሎሚ ባለበት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ተነክራ ትቆይ።

6. ሲገናኙ፣ ጨውም

የቁሌቱ ድስት ላይ ሁለት ሦስት ሲኒ የፈላ ውሃ ጨምሩና ሲንተከተክ መጀመሪያ ታፋውንና ቅልጥሙን፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሌላውን ክተቱ። ከዚህ በኋላ ማማሰያ አይገባም። ድስቱን በሁለት ጆሮው ይዛችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ አለዚያ ሥጋው ከአጥንቱ ይለያያል። የሀበሻ ዶሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ትፈልጋለች፣ የፈረንጁ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም።

ሁለተኛው ድስት የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እኔ ጨው ጨምሬ ወደ ውጭ ወጣሁ። እህቴ ገባችና ጨመረች። እናቴ «እነዚህ ጨው ረስተዋል» ብላ ደገመች። ማን ይቅመስ? ሁላችንም ጾመኛ ነን። የታወቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን የመጀመሪያው ጉርሻ አፋችን ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ጨው የሌለበት አይብ በብዛት ባይኖር ኖሮ በቡና ነበር የምንፈስከው።

ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣን። ጨው የሚጨምረው አንድ ሰው ነው፤ ሲጨምር የጨው ዕቃውን ገልብጦ በክዳኑ ያቆመዋል። የተገለበጠ ዕቃ ያየ ሰው እጁን ይሰበስባል። መነሻው አንድ ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ነው፤ ዶሮዋ ስትታጠብ የያዘችው ጨው እንዳለ አትርሱ።

ቀማሽ ደግሞ ቀጥረናል፤ ጾም ያልጀመረው የ6 ዓመቱ የእህቴ ልጅ። መዳፉ ላይ ጠብታ አድርገን እንሰጠዋለን። ችግሩ ለሁሉም ነገር «ያቃጥላል» ነው መልሱ። አሁን ጥያቄውን ቀይሬያለሁ፦ «ከትናንቱ ሽሮ ይበልጣል ጨውነቱ?» ስለው አስቦ ይመልሳል። ሳይጠየቅ «ውሃ!» ካለ ደግሞ በዝቷል ማለት ነው።

7. ማሳረጊያው

እንቁላሉን ቀቅላችሁ ላጡ፤ ወጡ እንዲገባው አራት ቦታ በቢላ ጫፍ ጫር ጫር አድርጉት። ሥጋው ሲበስል የቀረውን ቅቤ፣ መከለሻውንና እንቁላሉን ጨምራችሁ አምስት ደቂቃ ካንተከተካችሁ በኋላ አውጡት። መከለሻ ቀድሞ ከገባ ሽታው በእንፋሎት ያልቃል። ክደኑትና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ፤ ቁጭ ባለ ቁጥር ይዋሃዳል።

ሌሊት ስትመለሱ በዝግታ አሙቁት። እኛ ቤት ባዶ የከረመው ሆድ እንዳይደነግጥ መጀመሪያ ተልባ ይጠጣል፤ ከዚያ እናቴ ድስቱን ትከፍታለች፣ ፈረሰኛውም እንደ ወጉ ለአባቴ ይወጣል። አጎቴ ቅልጥሙን ይዞ ወጡን በጥርጣሬ ያሸታል።

አንድ ነገር ብቻ ቀድማችሁ አድርጉ፤ ድስቱ መሶብ አጠገብ ከመቅረቡ በፊት ሁለት ጭልፋ ወጥ ቀንሳችሁ በትንሽ ዕቃ ደብቁ። እንግዳው ሁሉ ሄዶ ሰኞ ጠዋት ስትነሱ የእሁድ እንጀራ ትፈረፍሩበታላችሁ።